ማታ አይቷት በአምስተኛው ቀን አብሯት ሞተ፤ ይሄ ፍቅር ነው?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን የምትኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦

«17 ዓመቴ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ሮሚዮና ዡልየት ስናወራ አስተማሪያችን ‹ይሄ ፍቅር አይደለም፣ የጉርምስና ነገር ነው። ልጁ ጠዋት ለሌላ ሴት ሲያለቅስ ነበር፤ ማታ ሌላዋን አየና ክንፍ አለ፤ በአምስተኛው ቀን ሁለቱም ሞቱ› አለን። እኛ ሴቶቹ በጣም ተናደድን። ሕይወቱን የሰጠ ሰው እንዴት አልወደደም ይባላል? ቤት ገብቼ ለአክስቴ ስነግራት ደግሞ ‹ፍቅር ተጋብቶ ሲኖሩ የሚመጣ ነው፣ ሌላው ፊልም ነው› አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም የምወደው አንድ ልጅ አለ። ሦስት ወር ሆነን፣ ማንም አያውቅም። ከሦስታችን ማን ነው ልክ? የእኔንስ በምን ልወቅ?»

ሦስታችሁም የያዛችሁት ነገር አለ፤ ግን ቁራጭ ቁራጭ ነው። አስተማሪሽ የታሪኩን መጀመሪያ ይዟል። እናንተ መጨረሻውን ይዛችኋል። አክስትሽ ደግሞ በሼክስፒር ተውኔት ውስጥ ጭራሽ የሌለውን፣ ከሠርግ በኋላ ያለውን ኑሮ ይዛለች። መሃሉን ማንም አልነካውም። እኔ መልሱ ያለው መሃሉ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሁለት ሰዎች እንዴት እንደተያዩና እንዴት እንደሞቱ ስለ ፍቅራቸው ብዙ አይነግረንም። የሚነግረን፣ መዋደዱ ዋጋ ማስከፈል ሲጀምር ያደረጉት ነው።

ከአስተማሪሽ ልጀምር። የተናገረው ነገር እውነት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው እሑድ ጠዋት ነው፤ ያን ጊዜ ሮሚዮ ልቡ የተሰበረው ሮዛሊን በምትባል ልጅ ነው። አባቱ ተጨንቋል። ልጁ ገና ሳይነጋ ጫካ ለጫካ ይዞራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ክፍሉ ገብቶ መስኮቱን ይዘጋና በቀን ጨለማ ይሠራል። አፉን ሲከፍትም ቀዝቃዛ እሳት፣ በሽተኛ ጤና፣ እንደ ብረት የከበደ ላባ እያለ ነው። ያ ሁሉ እንባ የፈሰሰላት ሮዛሊን ግን በተውኔቱ ውስጥ አንዲት ቃል አትናገርም። መድረክ ላይ የምትወጣበት ቦታ እንኳ አልተጻፈላትም። ሮሚዮ የካፑሌቶች፣ ማለትም ከእሱ ቤተሰብ ጋር የተጣላው የዡልየት ቤተሰብ፣ ግብዣ ላይ ሳይጠራ የሄደውም እሷን ለማየት ነው።

አስተማሪሽ ይህን ያነሳው የልጁን ተለዋዋጭነት ለማሳየት ነው። እኔ ግን የማነበው በሌላ በኩል ነው። ሼክስፒር ሮዛሊንን እዚያ ያስቀመጣት አፍላ ስሜት ምን እንደሚመስል አስቀድሞ እንድናይ ነው። መለኪያውን ራሱ ተውኔቱ በእጃችን ሰጥቶናል። ሮሚዮ ስለ ሮዛሊን ሲያወራ የሚያወራው ስለ ራሱ ነው። የኔ ሕመም፣ የኔ እንቅልፍ ማጣት፣ የኔ ዕድል። እሷ ምን እንደሚያስቃት፣ ምን እንደሚያስፈራት አያውቅም። ለማወቅም አይጠይቅም። አፍላ ስሜት እንዲህ ነው፤ ሌላው ሰው ባይኖርም ብቻውን ይነዳል። እንዲያውም ያ ሰው ሩቅ ሲሆን ይብስበታል። ማታ ስልክሽን ከፍተሽ ፎቶውን ስታዪ ልብሽ የሚመታ፣ እሱ ራሱ አጠገብሽ ሲቀመጥ ግን የምታወሩት የሚጠፋችሁ ከሆነ፣ የወደድሽው ፎቶውን ነው።

ከዡልየት ጋር የሆነው ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ግብዣው ላይ መጀመሪያ ሲነጋገሩ የሚለዋወጡት ቃል በእንግሊዝኛው ልክ 14 ስንኝ ነው፤ ሶኔት የሚባለውን ግጥም ሞልቶ ይወጣል። እሱ አራት ስንኝ ይላል፣ እሷ በአራት ትመልሳለች፤ የቀረውን እየተቀባበሉ አብረው ይዘጉታል። ለሮዛሊን ብቻውን ሲያንጎራጉር የከረመ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመልስለት ሰው አገኘ። መልሱም ዝም ብሎ እሺ አይደለም። እሱ ከእጇ አልፎ ከንፈሯን ሲመኝ፣ እሷ በጨዋታ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች።

ታዲያ ይሄ ፍቅር ነው? ገና ነው። ይህን ከእኔ በፊት ያለችው ደግሞ ራሷ ዡልየት ናት። በዚያው ሌሊት፣ እሷ ሰገነት ላይ እሱ አትክልቱ ውስጥ ሆነው ሲያወሩ በጨረቃ ሊምልላት ይጀምራል። በየወሩ በምትለዋወጥ ጨረቃ አትማልብኝ ትለዋለች። የዛሬው ቃል ኪዳናችን ደስ አላለኝም፤ ችኮላ ነው፣ ያልተመከረበት ነው፣ ድንገተኛ ነው፤ ‹ብልጭ አለ› ብለን ሳንጨርስ እንደሚጠፋ መብረቅ ነው ትላለች። ገና 14 ዓመት አልሞላትም። አስተማሪሽ ያለውን ከአስተማሪሽ ቀድማ ብላዋለች።

ከዚያ ወደ ተግባር ትገባለች። ሐሳብህ የክብር ከሆነ፣ ጋብቻ ከሆነ፣ ነገ ሰው እልካለሁ፤ የትና መቼ እንደሆነ ላክብኝ። ስንት ሰዓት ልላክ? በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይስማማሉ። እሱ በጨረቃ ሲምል ሰዓቱን የምትጠይቀው እሷ ናት። በማግስቱ ሞግዚቷን በሦስት ሰዓት ትልካለች። በግማሽ ሰዓት እመለሳለሁ ያለችው ሴትዮ እስከ ስድስት ሰዓት ትቀርባታለች። ያን ሦስት ሰዓት ዡልየት ስትቁነጠነጥ፣ አሮጊቷን ስትረግም፣ ወደ መንገዱ ስታይ እናገኛታለን። ጥልቅ ማስተዋልና ልጅነት በአንድ ሰው ውስጥ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ልዩነት። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ ነው። ‹ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች› የሚሏት ግማሿን ብቻ ነው የሚያዩት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መነኩሴው አባ ሎሬንስ በድብቅ ያጋቧቸዋል። እዚህ ላይ ተውኔቱ ቢያበቃ ኖሮ አስተማሪሽ ሙሉ በሙሉ ልክ ነበር። ሮበርት ስተርንበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ንድፈ ሐሳብ ፍቅርን በሦስት ነገሮች ይከፍለዋል፦ መቀራረብ፣ የጋለ ስሜት፣ ቁርጠኝነት። የጋለ ስሜት ብቻውን ሲሆን ክንፍ ማለት ነው፤ ሮሚዮ ለሮዛሊን የነበረው ይሄ ነው። የጋለ ስሜትና ቁርጠኝነት ኖሮ መቀራረቡ ከሌለ ደግሞ፣ ሰው ሳይተዋወቅ ተጣድፎ የሚያስረው ዓይነት ትዳር ይሆናል። የሰኞ ከሰዓቷ ሠርግ ልክ እሱ ናት። ስሜቱ አለ፣ መሐላው አለ፤ ትውውቁ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሞላውም።

እዚህ ጋ ስለ ቀናቱ አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ። ‹በአምስት ቀን ምን ፍቅር አለ› የሚለው ክርክር የሚመስለውን ያህል ጠንካራ አይደለም። ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው አርተር ብሩክ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1562 ካሳተመው ረጅም ግጥም ነው። እዚያ ታሪኩ ወራት ይፈጃል፤ ልጅቷም ወደ 16 የተጠጋች ናት። ሼክስፒር ነው ወራቱን ወደ ቀናት ያጠፈው፣ ልጅቷንም ወደ 13 ያወረዳት። ሆን ብሎ ነው። መድረክ ላይ ሁሉም ነገር እንዲጣደፍ፣ ተመልካቹ ትንፋሽ እንዲያጥረው ፈልጓል። ስለዚህ ቀን ቆጥሮ መፍረድ አያዋጣም። ‹ያኔ በ13 ማግባት ወግ ነበር› የሚለውም ስህተት ነው፤ ይሄን ከብዙ ተማሪ እሰማለሁ። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝ ተራው ሕዝብ የሚያገባው በአብዛኛው በሃያዎቹ አጋማሽ ነበር። የዡልየት አባት ራሱ መጀመሪያ ላይ ሁለት ክረምት ይለፍ፣ ገና ናት ብሎ ነበር። የልጅቷ ዕድሜ ያኔ ቲያትር ቤት የነበረውንም ሰው ሳያስደነግጠው አልቀረም።

አሁን ወደ መሃሉ። ከሠርጉ አንድ ሰዓት በኋላ ሮሚዮ የዡልየትን የአጎት ልጅ ቲባልትን መንገድ ላይ ያገኘዋል። ቲባልት ይሰድበዋል። ሮሚዮ አሁን ዘመዱ ስለሆነ አልጣላም ይላል። ጓደኛው መርኩሺዮ ይህን እንደ ፈሪነት ቆጥሮ በእሱ ፈንታ ሰይፍ ይመዝዛል። ሮሚዮ ሊገላግል መሃል ሲገባ፣ በክንዱ ሥር መርኩሺዮ ይወጋና ይሞታል። ሮሚዮም ተከትሎ ቲባልትን ይገድላል። የከተማው ገዥ ከቬሮና እንዲባረር ይፈርድበታል።

ዡልየት ይህን አታውቅም። ክፍሏ ሆና ሌሊቱን ትጠብቃለች። ሞግዚቷ እያለቀሰች ትገባለች፤ አነጋገሯ የተምታታ ስለሆነ ዡልየት መጀመሪያ የሞተው ሮሚዮ ይመስላታል። ከዚያ እውነቱ ይወጣል። ቲባልት ሞተ፣ የገደለው ባልሽ ነው። ዡልየት ትጮኻለች። የአበባ ፊት ያለው እባብ፣ ቆንጆ አረመኔ፣ መልአክ የመሰለ ሰይጣን ትለዋለች። ሞግዚቷም ሐዘኗን የምትጋራ መስሏት ወንድ እምነት የለውም፣ ሮሚዮ ይዋረድ ትላለች። በዚህ ቅጽበት ዡልየት ትዞርባታለች። ምላስሽ ይቁሰል! እሱ ለውርደት አልተወለደም። ሞግዚቷ ዘመድሽን የገደለውን ታወድሻለሽ? ስትላት፣ ታዲያ ባሌን ልንቀፍ? ትላለች። ወዲያው ደግሞ ለሌለው ለሮሚዮ ትናገራለች፦ የሦስት ሰዓት ሚስትህ እኔ ስምህን ከቦጫጨቅሁት፣ የትኛው አንደበት ነው የሚያቃናልህ?

ይህን ቦታ በደንብ እዪው። ስሜቷ ጠፍቶ ነበር። መብረቁ ብልጭ ብሎ አልፏል። አሁን ፊቷ ያለው የወደደችው ቆንጆ ልጅ አይደለም፤ እጁ በዘመዷ ደም የተነከረ ሰው ነው። ትናገረዋለች፣ ትቆጣለች፣ ለቲባልት ታለቅሳለች። ከዚያ ትቆምና ታስባለች፦ ለምን ገደለው? ባይገድለው ቲባልት ይገድለው ነበር። ሐዘኗን ሳትክድ፣ ጥፋቱን ሳትሸፍን፣ ከእሱ ጋር ለመቆም ትወስናለች። ክንፍ ያለ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። ክንፍ ያለ ሰው ወይ ‹እሱ አያደርገውም› ብሎ ይክዳል፣ ወይ በአንድ ጊዜ ይጠላል። ያኛውን ሰው ከነጉዱ አይቶ መምረጥ ሌላ ነገር ነው። ለእኔ ዡልየት መውደድ የጀመረችው ሰገነቱ ላይ አይደለም፤ እዚህ ነው።

ግን ይሄን ‹ሴት ልጅ ሁሉን ችላ ይቅር ትበል› ብለሽ እንዳታነቢው። ዡልየት ሮሚዮን የምትረዳው ሊገድለው ከመጣ ሰው ጋር ስለተጋጠመ ነው። እሷ ላይ እጁን አላነሳም፣ አልዋሻትም፣ አላስፈራራትም። ልጁ አንቺን የሚመታ፣ ስልክሽን የሚበረብር፣ ከጓደኞችሽ የሚለይሽ ከሆነ ከዚህ ትዕይንት ጋር አንድም የሚያገናኘው ነገር የለም። ትተሽው ሂጂ።

ሮሚዮስ? እሱ በዚያው ሰዓት አባ ሎሬንስ ቤት መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል። ዡልየት ባለችበት ከተማ ድመትና ውሻ እንኳ ሊያያት ሲችል እኔ እባረራለሁ ይላል። ጩቤ መዞ ራሱን ሊወጋ ሲል መነኩሴው ይቆጡታል። ወንድ ነህ? ዡልየት በሕይወት አለች። ቲባልት ሊገድልህ ነበር፣ አንተ ገደልከው። ሞት ሊፈረድብህ ሲገባ ስደት ሆነልህ። ምን ጎደለህ? ሐረር ከተማሪዎቼ ጋር ይህን ቦታ ጮክ ብለን ስናነብ ወንዶቹ መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥሎ ዝም ይላሉ፣ ምክንያቱም ያውቁታል። ሮሚዮ እዚህ አሁንም የሮዛሊን ሮሚዮ ነው፤ የሚያለቅሰው ለራሱ ነው። ቲባልትን ሊገድል ሲልም ውበቷ ሴታሴት አደረገኝ ብሎ በእሷ ያሳብባል። እሷ የእሱን ጉዳይ ስትመዝን እሱ የራሱን ይመዝናል። መጨረሻ ላይ ግን፣ መቃብሩ ውስጥ፣ የቲባልትን አስከሬን ይቅርታ ሲጠይቀው ትንሽ እንዳደገ ይታያል። ስለዚህ ‹ይዋደዳሉ ወይ› ለሚለው የእኔ መልስ እሷ ደርሳለች፣ እሱ መንገድ ላይ ነበር ነው።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ተናደዳችሁት ልጆች። ‹ሕይወቱን ሰጣት› የሚለውን አልቀበልም። ሮሚዮ ሕይወቱን ለዡልየት አልሰጣትም። እሷ ሞታለች ብሎ አምኖ ነው መርዝ የጠጣው። እሷ ደግሞ አልሞተችም ነበር፤ ቤተሰቧ አስገድዶ ለሌላ ሊድራት ሲል መነኩሴው የሰጧት መድኃኒት 42 ሰዓት እንደ ሞተ ሰው አስተኝቷት ነው። ዕቅዱን የሚገልጸው ደብዳቤ ሮሚዮ ወደተሰደደባት ከተማ፣ ወደ ማንቱዋ፣ አልደረሰም፤ ተሸካሚው መነኩሴ ወረርሽኝ ያለበት ቤት ገብተሃል ተብሎ ታግቶ ቀረ። ሮሚዮ አሽከሩን ከአባ ሎሬንስ ደብዳቤ የለም? ብሎ ይጠይቀዋል። የለም። በቃ ተባለና ፈረስ ተጫነ። አንድ ሰው ልኮ ቢጠይቅ፣ አንዲት ሌሊት ቢያድር፣ መቃብሩ ውስጥ እንኳ ትንሽ ቢቆይ ትነቃ ነበር። በዚያ ላይ እሷን የሚወዳት ሌላ ወጣት፣ ፓሪስ፣ እዚያው በሮሚዮ እጅ ሞቷል። የሮሚዮ እናትም ልጄ ተሰደደ ብላ በሐዘን ሞታለች። ይሄ ስጦታ አይደለም። የችኮላ አደጋ ነው።

ሞት የፍቅር ማስረጃ አይሆንም። ማንም ቢሆን፣ የምትወጂው ልጅም ቢሆን፣ ‹ከተለየሽኝ ራሴን አጠፋለሁ› ካለሽ የፍቅሩን ልክ እየነገረሽ አይደለም። ወይ ታሟል፣ ወይ እያስገደደሽ ነው። በሁለቱም መንገድ ብቻሽን የምትይዢው ምሥጢር አይደለም፤ ያኑ ቀን ለአዋቂ ሰው ተናገሪ። አንቺም እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ እንደዚያው።

ግን ችኮላው የልጆቹ ብቻ ነበር ብለው ለሚደመድሙ ትልልቅ ሰዎች እኔ አልስማማም። ሁለት ዓመት ይቆይ ያለው አባት፣ ቲባልት በሞተበት ሌሊት ሐሳቡን ቀይሮ ሐሙስ ፓሪስን ታገባለች ይላል። በማግስቱ ደግሞ ወደ ረቡዕ ያመጣዋል። ልጅቷን አልጠየቃትም። አላገባም ስትል ተንጠልጠዪ፣ ለምኚ፣ ተራቢ፣ መንገድ ላይ ሙቺ ይላታል፤ የተናገረው ለገዛ ልጁ ነው። እናቷ ከእንግዲህ የለሁበትም ብላ ትወጣለች። ያሳደገቻት ሞግዚት፣ ሌሊት ሮሚዮን ያመጣችላት ሴት፣ እሱ እኮ ከፓሪስ ጋር ሲተያይ የወጥ ቤት ጨርቅ ነው፣ ፓሪስን አግቢ ትላታለች። ዡልየት ያን ጊዜ ነው ከሞግዚቷ ምክር ላለመጠየቅ የወሰነችው። መጨረሻ ላይ የቀሩት አባ ሎሬንስ ነበሩ። እሳቸውም መቃብሩ ውስጥ፣ ከሬሳዎች ጋር፣ የዘበኞች ድምፅ ሲሰሙ ጥለዋት ወጡ። የ13 ዓመት ልጅ ብቻዋን ቀረች። እኔ በዚህ ተውኔት የሚያናድደኝ ይሄ ነው እንጂ የልጆቹ ፍጥነት አይደለም።

የሁለቱ ቤተሰብ ጠብስ ስለ ምን ነበር? ተውኔቱ አንድም ቦታ አይናገርም። ‹የቆየ ቂም› ተብሎ ታልፏል። እዚህ ጀጎል ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ አለ፤ የተጣሉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይታረቁ አይተላለፉም ይባላል። ቬሮናም ጥንት በግንብ የታጠረች ከተማ ናት። እዚያ ግን መንገድ ላይ የተገናኘ ሁሉ ሰይፍ ይመዝዛል። ልጆቹ የተዋደዱት በዚያ አየር ውስጥ ነው።

ፍጥነት ብቻውን እንዳልገደላቸው የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ከቤታችን አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በፍቅር እስከ መቃብር ሰብለ ወንጌልና በዛብህ አንድ ሌሊት ተያይተው አልከነፉም። እሱ አስተማሪ ሆኖ ቤታቸው ገባ፤ በትምህርቱ ሰበብ ቀስ በቀስ ተዋወቁ። አንዱ የሌላውን ጠባይ፣ ፍርሃት፣ አነጋገር ያውቃል። የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ግን አላስቀመጣቸውም። እነሱም መቃብር ደረሱ። ተጣድፈው የተዋደዱትም፣ ዝግ ብለው የተዋደዱትም መጨረሻቸው አንድ ከሆነ፣ ጥፋቱን በሙሉ በልጆቹ ጉርምስና ላይ መጣል አይቻልም።

አክስትሽን በተመለከተ፣ የጎደላት ነገር ቢኖርም የተናገረችው ከኑሮ ነው። ቁርጠኝነት በኖሩበት ዓመት የሚፈተን ነገር ነው። ሮሚዮና ዡልየት የቤት ኪራይ አልከፈሉም፣ አንዱ ታሞ ሌላው አላስታመመም። እዚያ ቢደርሱ ምን ይሆኑ እንደነበር ማንም አያውቅም። ግን ‹ፍቅር ከጋብቻ በኋላ ይመጣል› የሚለውን ለ17 ዓመት ልጅ መመሪያ አላደርገውም። ሳይመጣ የቀረባቸው ብዙ ቤቶች አሉ።

አሁን የራስሽን ጉዳይ። ልጁን አላውቀውም፤ ከዚህ ሆኜ ይወድሻል አይወድሽም ልልሽ አልችልም። የምታዪውን ግን ልንገርሽ። ሲናደድ አይተሽዋል? አልሄድም፣ አልፈልግም ስትዪው ምን ይሆናል? ፈተና ሲደርስ ‹አጥኚ፣ በኋላ እንገናኝ› ይላል ወይስ ያኮርፋል? አንቺ ምን እንደሚያስፈራሽ ያውቃል? አንቺስ የእሱን ታውቂያለሽ? ቀኑ በረድ ሲል ከዚራ ዛፎቹ ሥር አብሮ መራመድ ለማንም ደስ ይላል። እዚያ ላይ የተሰማሽን ስሜት አልንቅም፣ ግን እሱን መለኪያ አታድርጊው። የማይመች ቀን ይምጣና እዪው። ሦስት ወር ለዚህ አይበቃም።

ምሥጢሩ ደግሞ ያሳስበኛል። ድብቅ ነገር ራሱ ያግላል፤ ልብሽ የሚመታው ለልጁ ይሁን ለመደበቁ መለየት ያቅትሻል። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ወላጅ ጣልቃ ሲገባ የጥንዶች ፍቅር ይጨምራል የሚል ውጤት አግኝቶ ነበር፤ ስሙንም በሮሚዮና ዡልየት ሰየሙት። እ.ኤ.አ. በ2014 ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሲያዩት ግን ያን አላገኙም። እንዲያውም ያገኙት ዘመድና ጓደኛ ሲደግፈው ፍቅር እንደሚጠነክር ነው። ‹ሲከለክሉን ይበልጥ እንዋደዳለን› የሚለውን እንግዲህ ብዙ አትመኚበት።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ለአክስትሽ ንገሪያት። ዛሬውኑ በጭቅጭቅ መሃል አይደለም፤ ቡና ላይ፣ ረጋ ስትል። ‹ፈቃድ ስጪኝ› ብለሽ አትጀምሪ፤ ‹የማወራው ሰው አለ፣ እንድታውቂው ፈልጌ ነው› በያት። መጀመሪያ ልትቆጣ ትችላለች። የተቆጣ ሰው ግን እንደ አባ ሎሬንስ ጥሎ ከሚሄድ ሰው ይሻላል። ለእሷ መናገር በፍጹም የማይሆን ከሆነ፣ ሌላ አንድ የምታምኚው ትልቅ ሰው ፈልጊ። ከዚያ ውጪ፣ 12ኛ ክፍልን እስክትጨርሺ ድረስ የማይመለስ ነገር አታድርጉ። አብሮ መጥፋት የለም፣ ድብቅ ኒካህ ወይም ቃል ኪዳን የለም፣ ትምህርት ማቋረጥ የለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 አድርጎታል፤ ድሬዳዋ በፌዴራሉ ሥር ስለሆነች ይኸው ሕግ ይሠራባታል። ልጁ እውነተኛ ከሆነ መጠበቁ አይጎዳውም። ‹ከወደድሽኝ አሁን› የሚል ከሆነ ግን መልሱን ራሱ ሰጥቶሻል።

ከአስተማሪሽ ጋር የጀመራችሁትን ክርክርም አታቁሙት። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ላይ ሦስተኛውን ገቢር፣ ሁለተኛውን ትዕይንት ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ አንዷ ዡልየትን፣ አንዷ ሞግዚቷን ሁኑ። ተከታዩን፣ ሮሚዮ መሬት ላይ የሚንከባለልበትን፣ ወንዶቹ ያንብቡት። ሁለቱ ትዕይንቶች አንድ ዜና ሁለት ሰው ዘንድ ሲደርስ ነው የሚያሳዩት፤ ሁለቱን ሳታነቡ አትፍረዱ።